የዕርቁ ጠላ

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጠላ የተሞላ ጀሪካን ታቅፈው ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ያለውን ከውትድርና የተመለሰ ጎልማሳ ከሚስቱ ጋር ሊያስታርቁ ወደ ሮቢት ይጓዙ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ጠላ ይቅርብን።»

«አማቶችህ ቤት ባዶ እጃችንን እንግባ? ያለ ጠላ ምን ዕርቅ አለ?»

«ባለፈውም ታርቀን፣ በዕርቁ ጠላ ሰክሬ ማታውኑ መታኋት።»

ሽማግሌው የታቀፉትን ጀሪካን ወደ እግራቸው አወረዱት።

«ሆስፒታል ያለችው አማካሪስ ምን ትልሃለች?»

«ቁጣው ከመምጣቱ በፊት ሰውነትህ ምን ይነግርሃል ብላ ትጠይቀኛለች።»

«ምን ይነግርሃል?»

«እጄን ይሞቀኛል።»

«ሲሞቅህስ?»

«ከቤት ወጥቼ፣ እስኪበርድልኝ እሄዳለሁ።»

«ይኼማ ሽሽት ነው! ለወታደር ሽሽት ያስተምራሉ?»

«ሽሽት ይሁንልዎ፣ ጋሼ። ያን ለት ብሸሽ ኖሮ ጥርሷ አይወልቅም ነበር።»

«ሚስትህስ መታከምህን ታውቃለች?»

«ዛሬ ልነግራት ነው፤ ካመነችኝ።»

ሮቢት ስንደርስ ሁለቱም ወረዱ።

«አባት፣ ጀሪካንዎን ረሱ!» ሲል ሹፌሩ ተጣራ።

«አልረሳሁትም፤ አንተም እየነዳህ እንዳትነካው!» አሉ ሽማግሌው።

መኪናው ሲነሣ፣ የገዛ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ይሞቅ እንደሆነ አዳመጥሁ።