ለእናንተ አፍ የገዛሁት ጀልባ

ክቡራትና ክቡራን... ኧረ ተዉት፣ እዚህ ቤት ማን ክቡር አለ? ያው የምታውቁኝ ዊንደል ነኝ። ላውል፣ አለቃዬ፣ ግብዣውን ስላሰናዳህልኝ አመሰግናለሁ። ዓሣውን የጠበሳችሁትም እጃችሁ ይባረክ።

እዚህ አናኮርተስ ወደብ ሠላሳ አንድ ዓመት የጀልባ ሸራ ስሰፋ ኖርኩ። አሁን ትከሻዬ አልታዘዝ ስላለኝ በቃኝ። የሚያስቅ ነገር ይናገራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ይቅርታ፣ የለኝም።

የሥራ ቤታችንን ልማድ ታውቃላችሁ። ከመካከላችን የሸራ ጀልባ ትቶ የሞተር ጀልባ የገዛ ሰው ስሙ ከውድድር አሸናፊዎች ሰሌዳ ላይ ይፋቃል፤ አንድ ጠርሙስ ናፍጣም ይሸለማል። የዴልን ስም የፋቅሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሳቅን ትዝ ይላችኋል? ዴል ግን አልሳቀም።

ባለቤቴ ማርላ ሃያ ስድስት ዓመት በሸራ ጀልባችን ላይ እየረጠበች፣ እየበረዳት አብራኝ ተንከራታለች። ጉልበቷ ሲያስቸግራት ትሮለር እንግዛ አለችኝ፤ ያን ቀስ እያለ የሚሄደውን፣ ቤት ያለውን የሞተር ጀልባ። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳይበርዳት፣ ባሕሩን እያየች አላስካ መድረስ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየኋት። ለምን? እናንተን ፈርቼ። አዎ፣ እናንተን፤ ትልቅ ሰውዬ አንድ ጠርሙስ ናፍጣ ፈርቼ።

በመጨረሻ ልናይ ወጣን። ማርላ ወዲያው መረጠች። ነጭ፣ ሰፊ፣ ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን መስኮት የሆነ፣ ደረጃው እንደ ቤት ደረጃ መደገፊያ ያለው ጀልባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ "ዊንደል፣ እዚህ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል" አለችኝ።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? "ይሄ ፍሪጅ ነው እንጂ ጀልባ ነው?"

እኔ የወደድኩት ጠባቡን፣ ዝቅ ያለውን፣ ማዕበል የሚችለውን ነው። ትንሽ ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶም ነበረው። ምሰሶ ካለው አይስቁብኝም ብዬ አሰብኩ። ወደ ታችኛው ክፍል የሚያወርደው ግን ቀጥ ያለ መሰላል ነው። አሻሻጯ ዶሪን፣ "በዚህ ዕድሜያችሁ ማዕበል ሲመጣ ወደብ ውስጥ ነው የምትቀመጡት። ሰውዬ፣ መሰላሉን እሷ ትሞክረው" አለችኝ። አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው የሻጭ ምክር ይሰማል? ነፋስ የበረታበትን ቀን መርጬ ለብቻዬ ሞከርኩት። ማርላ መኪና ውስጥ ጠበቀችኝ። ጀልባው እንከን የለውም፤ ገዛሁት። እናንተም አጨበጨባችሁልኝ፤ ስሜም ሳይፋቅ ቀረ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ብርዱ ሲጠናባት መሰላሉን ይዛ ወረደች። መልሳ መውጣት አቃታት። ደሴቶቹ መሀል ውሃው እየገፋን ስለነበር መሪውን ለቅቄ ልረዳት አልቻልኩም። እዚያ ታች ያለችው መስኮት የሳህን ታህል ነች፤ እሷም ከማርላ ራስ በላይ ነች። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ተቀመጠች።

ያኔ ዓሣ ነባሪዎች መጡ። አምስት ነበሩ፤ ትንፋሻቸው እስኪሰማኝ ድረስ ተጠጉን። ጮክ ብዬ ጠራኋት።

"አይታየኝም" አለች ከታች። "አንተ ንገረኝ፣ ምን ይመስላሉ?"

እኔ ደግሞ መናገር መች እችልበታለሁ? "ጥቁር ናቸው" አልኳት።

ወደብ ስንደርስ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጧት። ከዚያ ወዲያ ጀልባው ላይ እግሯን አላሳረፈችም። አልተቆጣችኝምም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በኅዳር ቀበርኳት። አላስካን ሳታይ ሄደች። ያን ነጭ ጀልባ ሌሎች ባልና ሚስት ገዝተውት በየሳምንቱ በቤቴ በኩል ያልፋሉ። ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እጇን ታውለበልብልኛለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናንተ ላይ ላላክክ አልመጣሁም። ግን እውነቱን እንነጋገር ካልን ያ ሳቃችን ሰው ጎድቷል። ጋርዝ፣ አትሸሸኝ፣ ወደዚህ እይ። ባለቤትህ የሞተር ጀልባ እንግዛ ብላ ሁለት ዓመት ስትለምንህ ሁላችንም ሰምተናል። ነገ ይዘሃት ሂድ። እሷ ትውጣ፣ እሷ ትውረድ፣ እሷ ትቀመጥ። አንተ ዳር ቆመህ አፍህን ዝጋ። እሺ?

እንግዲህ ልመርቃችሁ። እጃችሁ አይዛል፤ ትከሻችሁ ከእኔ ትከሻ የረዘመ ዕድሜ ይኑረው። ሥራ አይጥፋባችሁ። አብሯችሁ የሚያረጀውን ሰው ፈጣሪ ያቆይላችሁ፤ ብቻችሁን ያያችሁትን ነገር ለእሱ ከመተረክም ይሰውራችሁ።