የእትዬ ሰዲቃ አራተኛ መሐላ

ከናይሮቢ መሃል ከተማ ወደ ሳውዝ ሲ የሚሄደው ማታቱ፣ የሕዝብ ሚኒባሱ፣ ሞልቶ ሊነሣ ሲል አንድ ወጣት እየሮጠ ደረሰና ዘሎ ገባ። ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ባዶ የቀረው ከጎረቤቱ ከሰዲቃ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ነበር። ወጣቱ ሱፍዋን ይባላል፤ በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ነው። ሰዲቃ ደግሞ በኢስሊ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ያለፋት ነጋዴ ናት። በአንድ ግቢ እየኖሩ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ከመባባል በቀር ቁጭ ብለው አውርተው አያውቁም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ ሰዲቃ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ና ተቀመጥ ልጄ። እንኳንም አንተን አገኘሁ። ደስታዬን ለሰው ካልነገርኩ አላስችል ብሎኛል።»

«ምን ተገኘ?»

«ኪኒኑን ተውኩት። ዛሬ ጧት ያለውን ሁሉ ሽንት ቤት ደፍቼ ውሃ ለቀቅሁበት።»

«የትኛውን ኪኒን?»

«የእንቅልፉን ነዋ። ባሌ አብዱልሰላም በተቀበረ ማግሥት ያዘዙልኝን። እሱን ሳልውጥ ያደርኩት ልተወው ሦስት ጊዜ በሞከርኩባቸው ቀኖች ብቻ ነው።»

እንኳን ደስ አለዎት ይለኛል ብላ ስትጠብቅ የልጁ ፊት ክፉ ወሬ እንደ ሰማ ሰው ሆነ።

«መጨረሻ የዋጡት መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ። ምነው፣ እንደ ፖሊስ ትመረምረኛለህ?»

ማታቱው ሞምባሳ መንገድ ላይ ሲደርስ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል። ዝናቡም መጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን አጣመረ። እንዲህ ያለ መዘጋጋት ለብዙው ሰው መከራ ነው፤ ለሰዲቃ ግን ዕድሜዋን የሚያተርፍላት ወሬ በእሱ ውስጥ ተገኘ።

«እትዬ፣ ቢቆጡኝም እናገራለሁ። በድንገት መተውዎ ልክ አይደለም።»

«አየህ፣ የተማረ ሰው መድኃኒት ዋጡ እንጂ ተዉ አይልም። እንጀራችሁ ነዋ።»

«እንጀራዬስ እንጀራዬ ነው» አለ ሱፍዋን እየሳቀ። «እኔ ግን ይተዉት ነው የምለው። ክርክሬ እንዴት ይተዉት በሚለው ላይ ነው። ለመሆኑ ለምን ዛሬ ቆረጡ?»

ሰዲቃ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ድምፅዋም ዝቅ አለ።

«ባለፈው ሳምንት ልጄ ዛራ ልጇን ሙስዓብን ትታልኝ ወጣች። ገና ሰባት ወሩ ነው። ቀን ቀንም ያደነዝዘኛል፤ አጠገቡ ጋደም እንዳልኩ እንደ ግንድ ተኛሁ። ሲያለቅስ አልሰማሁም። ዛራ ስትመለስ ድምፁ ተዘግቶ፣ ከአልጋው ጫፍ ላይ ደርሶ አገኘችው። ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። በማግሥቱ ሠራተኛ ቀጠረች። እኔ እናቷ እያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እፊቷ ቁርኣን ይዤ ልምል ነው፤ ሁለተኛ ላልነካው።»

«አይማሉ።»

«ምን?»

«እባክዎ አይማሉ እትዬ። ያለፈውን ሦስት ጊዜም ምለው ነበር?»

«ምዬ ነበር። የመጀመሪያው በረመዷን ነው። ቀን በጾም፣ ማታ በሶላት እረታዋለሁ ብዬ። ሦስት ቀን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ ሰው በሹክሹክታ ሲያማኝ የምሰማ ይመስለኝ ጀመር። በስድስተኛው ቀን ሱቄ ውስጥ ወድቄ ተንፈራገጥኩ አሉ፤ እኔ አላስታውስም። ጂን ነው ተብሎ ቁርኣን ሲቀራብኝ ሰነበተ። በኋላ ዛራ ኪኒኑን ብትሰጠኝ በሰዓት ውስጥ ሰው ሆንኩ። በሁለተኛው አምስት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው፣ አንዲት ወዳጄ ግማሹን ጣዪ ብላኝ በአንድ ቀን ግማሹን ብጥል ሁለት ሳምንት ታግዬ ተሸነፍኩ። ለፈረሰው መሐላ ሁሉ ዐሥር ዐሥር ድሃ አበላሁ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ኢማኔ ደክሟል።»

«ኢማንዎ አልደከመም። መውደቁም ጂን አይመስለኝም። ኪኒኑ ድንገት ሲቋረጥ የሚያመጣው ነው፤ ሰውም ይገድላል። ጾምዎን አላህ ይቀበልዎ፣ ግን ያን ቀን የተረፉት በዕድል ነው።»

ሰዲቃ ዞራ አየችው። የሚቀልድ አይመስልም።

«አንዲት ምስር የምታህል ፍሬ?»

«አዎ። ይዩት ይህን ሾፌር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ቢነዳ፣ መኪናው እንዲሄድለት ነዳጁን እንዴት መርገጥ አለበት?»

«አጥብቆ።»

«ኪኒኑ በጭንቅላትዎ ላይ ፍሬን ነው። ሰውነትዎ ደግሞ ሥራው እንዳይቆም ብሎ ነዳጁን ሲረግጥ ኖረ። እርስዎ ሳያውቁት፣ ተኝተው ሳሉ እንኳ። አሁን ፍሬኑን ባንድ ጊዜ ቢለቁት?»

«እፊቱ ያለው መኪና ላይ ይወጣል።»

«ያ ነው ሱቅ ውስጥ የጣለዎት።»

ሰዲቃ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተመለከተቻቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ በእሷ ውስጥ፣ ሳታዝዘውና ሳትሰማው፣ እንዲህ ያለ ትግል ኖሯል። ሰው በገዛ ገላው እንግዳ መሆኑ ገረማት። ቢሆንም በቀላሉ እጇን የምትሰጥ ሴት አይደለችም።

«እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትለው?»

«ከሐኪም ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱታል። ከሚውጡት ላይ ዐሥረኛ እጅ ያህል ይጎድላል፤ ሰውነት እስኪለምደው ሁለትም ሦስትም ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት። ሐራካ ሐራካ ሀይና ባራካ፤ ጥድፊያ በረከት የለውም።»

«ማታቱ ጀርባ ላይ የተጻፈ ነገር አትንገረኝ። ተውበት፣ ከኃጢአት መመለስ፣ በግማሽ አለ? ሌባ ‹ዛሬ ዐሥር እሰርቃለሁ፣ በወሩ ዘጠኝ፣ እያልኩ እተዋለሁ› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

እፊታቸው የተቀመጠ ሰው አማርኛ ይሰማ ኖሮ ሳቁን ዋጠ።

«እትዬ፣ ተውበት ለኃጢአት ነው። ይህ ሐኪም ያዘዘልዎ መድኃኒት ነው፤ ጥፋቱ ረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። ሆነም ቀረ፣ ኸምር እንኳ የተከለከለው በአንድ ቀን ነው እንዴ? መጀመሪያ ሰክራችሁ ወደ ሶላት አትቅረቡ ተባለ፣ ከዚያ...»

«ተሳስተሃል» አለች ሰዲቃ ወዲያው። ሰላሳ ዓመት በደርስ፣ በሃይማኖት ትምህርት፣ የተቀመጠች ናት፤ ይህን ከፋርማሲስት አትማርም። «መጀመሪያ እሱ አይደለም። ስለ አስካሪ መጠጥ ይጠይቁሃል፣ በእሱ ውስጥ ትልቅ ኃጢአት አለበት፣ ጥቅምም አለው፣ ኃጢአቱ ግን ይበልጣል ተባለ። ያን ጊዜ የተወ ተወ። ቀጥሎ ነው ሰክራችሁ ወደ ሶላት አትቅረቡ የመጣው። ሶላቱ በቀን አምስት ነውና የሚጠጣበት ሰዓት ጠበበ፤ ሰዉ መጠጡን እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ከእሱ ራቁ ሲባል መጠጡን በየመንገዱ ደፉት፣ ምክንያቱም ልባቸው አስቀድሞ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ዝናቡ የማታቱውን ጣሪያ ይደበድባል። ሰዲቃ ይህን ነገር ለሌላው ሴት ሁሉ አስተምራዋለች፤ አንድም ቀን ለራሷ ተናግራው አታውቅም።

«ሱብሐነላህ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ ያህል። «ፈጣሪ ባሪያው እንዴት እንደተሠራ ያውቃላ። ዓመታት ሰጣቸው። እኔ ግን ለዚህ ገላ ከፈጠረው ጌታ ይልቅ ጨከንኩበት።»

ከዚያ የጭንቀቷን ጥያቄ ጠየቀች። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አልዋሽዎትም። ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሊያልፍም ይችላል።»

«በዓመት ሙስዓብ በእግሩ ይሄዳል።»

«ይሄዳል። እርስዎም በሕይወት ቆይተው ያዩታል።»

መንገዱ ሲከፈት ሁለቱ ወደ ቤት አልሄዱም፤ በቀጥታ ሐኪሟ ዘንድ ወረዱ። ሐኪሟ የደፋችውን ተክታ ሰጠቻት፤ አቀናነሱንም በወረቀት ጻፈችላት። ከመግሪብ በኋላ ሰዲቃ ዛራን አስቀምጣ በቁርኣኑ ፋንታ ያን ወረቀት አሳየቻት። «ልምልልሽ ነበር፤ ትቼዋለሁ» አለቻት። «እስክድን ልጅሽን ለብቻዬ አትስጪኝ። ሠራተኛዋ ትቆይ። አንቺም ኪኒኑን ከእኔ ጋር ቁጠሪ።» ዛራ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን አመነቻት፤ መሐላ ስላልሰማች ይሆናል።

ኪኒኑን የመቀነሱ ቁልቁለት ቀላል ነበር ብሎ የሚያወራ ቢኖር ያልሄደበት ነው። በአራተኛው ወር ጆሮዋ ይጮህ፣ ከቆዳዋ ሥር ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላት ጀመር። አንድ ቀን ሁሉንም ልትጥል፣ በማግሥቱ ሁለት ባንድ ልትውጥ ቃጣት። ሐኪሟ ግን «ካለሽበት አትነቃነቂ። እዚሁ ወር እንቆይ» አለቻት። ቆዩ። ማዕበሉም እንደ መጣ ሄደ። መቆምም መራመድ እንደሆነ ሰዲቃ የተማረችው ያን ጊዜ ነው።

በዘጠነኛው ወር አንድ ሰው ለሞተ አባቱ ከፈን፣ መገነዣ የሚሆን ነጭ ጨርቅ፣ ሊገዛ ሱቋ መጣ። ሰዲቃ ክንድ በክንድ ስትለካ እጇ ቆመ፤ እንባዋም ጨርቁ ላይ ወረደ። ሱቁን ዘግታ ለሱፍዋን ደወለች።

«ልጄ፣ ሕመሙ ተመለሰብኝ።»

«ምን ይሰማዎታል?»

«አብዱልሰላም። ሳሉ፣ የጫማው ኮቴ፣ ስሜን ሲጠራኝ። ከጧት ጀምሮ አለቅሳለሁ።»

«ያኔ ሲሞት አላለቀሱም?»

አሰበች። አላለቀሰችም። በቀብሩ ማግሥት መድኃኒቱን ዋጠች፤ ሰዉም ጠንካራ ሴት አላት።

«እትዬ፣ ለሐኪምዎ ይንገሯት። እኔን ግን ሐዘን ይመስለኛል። ቆሞ ይጠብቅዎት ነበር ማለት ነው።»

ስልኩን ዘግታ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት አልፎ ያ ሐዘን አልሸተተም፣ አልነቀዘም፤ እንደ ተቀመጠ አደራ ሙሉውን አገኘችው። ሐዘን መሆኑን ስታውቅ አልፈራችውም። ከእሱ ጋር ሌላም መጣ፦ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ የዝናብ ሽታ፣ ሳቅ። በመድኃኒቱ የደነዘዘው ሐዘኗ ብቻ አልነበረም።

ኪኒኑ ሙሉ በሙሉ የቀረው በዐሥራ ስድስተኛው ወር ነው። ያን ሰሞን የሱቅ ጎረቤቷ ሙርሺዳ መጥታ፣ እሷም አራት ዓመት ሙሉ ስትውጥ እንደኖረች በሹክሹክታ ነገረቻት።

«በዚህ ዓርብ ምዬ ልተወው ነው» አለች።

«አትማዪ። አትድፊውም። ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

«ያንቺን ያህል ጊዜ የለኝም።»

«ሦስት ጊዜ ቸኩዬ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በዝግታ የወረድኩት አንዴ ነው፤ አልተመለስኩም። ዛሬ ሒሳቤን አልሳሳትም። መንገድ ስሻገር ልቤ አይዘልም። ሌሊቱ አንዳንዴ ይሰበራል፤ ቢሰበርም የራሴ እንቅልፍ ነው። ባሌን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ልጄም...» ብላ ጣቷን አነሣች። «ቆዪ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ነቃ።»

ሙርሺዳ ምንም አልሰማችም። ሰዲቃ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳው ገባች። ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ፣ ዛራ ወደ ሥራ ስትሄድ ትታላት የሄደችው ሙስዓብ፣ ገና ሳያለቅስ፣ ዓይኑን ገልጦ ተንጋሎ ነበር።