የጠዋቱ ስኳርና የሦስት ወሩ ስኳር

ጸጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው የሚጠራቸው «ምላጩ» እያለ ነው። ስሙ የወጣላቸው ከሙያቸው ይልቅ በአንደበታቸው ስለት ነው፤ እሳቸውን ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አልታየም።

አንድ ጠዋት ምላጩ ከክሊኒክ ወጥተው በቀጥታ ማዶ ካለው ኬክ ቤት ገቡ። ሁለት ኬክ አዝዘው፣ ሻያቸው ላይ ስኳር በማንኪያ እየዛቁ ሲጨምሩ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ዳቦ ልትገዛ ብቅ አለች። የእህታቸው ልጅ ናት፤ የክሊኒኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ።

«አጎቴ! ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቁርሱ ይሄ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰሃኑን ይሸሽግ ነበር። እሳቸው ግን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ነይ ቅመሺ! በባዶ ሆዴ ተለክቼ መቶ አስራ ሁለት ወጣልኝ። ሐኪሙ ራሱ ጎበዝ ብሎኛል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት እንዴት ሰነበቱ?»

«እንደ ጨዋ ሰው ነዋ! ስኳሩንም ለስላሳውንም እርም አልኩ፣ እራቴን ቀነስኩ፣ ክኒኔንም ሳላጓድል ዋጥኩ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ ምን ቀጠሮ ነበረኝ!» ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። «እንግዲያው የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ይሠሩ።»

የምላጩ ፊት ተለዋወጠ። «እኔ ወንጀለኛ ነኝ? ኪሴን የመፈተሽ መብት ያለው ሰው የለም፤ ደሜንም እንደዚያው!»

«ማንም አይፈትሽዎትም። ግን ልጠይቅዎ፤ አንድ ደንበኛ ጠዋት ታጥቦ፣ አበጥሮ፣ ቅባት ተቀብቶ ቢመጣልዎ ከተቆረጠ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው አያውቁም?»

«እንዴት አላውቅም! የዛሬ ማበጠር የሦስት ወር እድገት ይደብቃል እንዴ?»

የገዛ ቃላቸው ጆሯቸው ላይ ጮኸባቸው።

«ደምም እንዲሁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀይ የደም ሴል ሰውነታችን ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ወር ይኖራል። በውስጡ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ደም ውስጥ ስኳር በበዛ ቁጥር እሱ ላይ እየተጣበቀ ይሄዳል። ምርመራው ከመቶው ስንት እጁ ስኳር እንደተጣበቀበት ይለካል። ጠዋት የተለኩት የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው፤ ይሄኛው የወራቱን አማካይ ይናገራል። በባዶ ሆድ መምጣትም አያስፈልግም።»

«ቢበዛስ ታዲያ? እኔ የሚያመኝ ነገር የለም!»

«ባለፈው የደንበኛዎን ጆሮ በመቀስ ነክተው ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ለምን ነበር?»

«መብራቱ ደክሞ ነው።»

«መብራቱ ነው ወይስ ዓይንዎ?»

ምላጩ አምፖሉን ቀይረውት እንደነበር ለማንም አልተናገሩም። መስታወቱ ላይ የሚያዩት ጭጋግ በአዲሱ አምፖልም አልጠፋም፤ ሱቁን ዝጉ እንዳይባሉ ፈርተው ለብቻቸው ይዘውት ከርመዋል። ድንገት ብድግ አሉ።

«ተነሺ፣ አሁኑኑ ውሰጂኝ! ንጹሕ መሆኔን አይተሽ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ!»

ውጤቱ ከመቶ አስር ነጥብ አራት ሆነ።

«ማሽናችሁ ተሳስቷል!» ብለው ሐኪሙ ላይ ጮኹ።

«እንደ ደም ማነስ ያለ ችግር ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል፤ እርስዎ ግን ያ የለብዎትም» አለ ሐኪሙ። «ለብዙ ሰው ከሰባት በታች ቢሆን ይመከራል። እንደ ዕድሜውና እንደ ጤናው ደግሞ ለያንዳንዱ ሰው ይወሰናል።»

ወደ ዓይን ሐኪምም ተላኩ። ከዓይናቸው ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች መጎዳት ጀምረዋል፤ ግን ሳይረፍድ ተደርሶባቸዋል።

ኮሪደሩ ላይ የእህታቸውን ልጅ ክንድ ያዝ አደረጉ። «ሐኪሙን የሸወድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሸወድኩት ራሴን ነው።»

«አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እልህ ነዋ! ይሄ ስኳር ማንን እንደነካ ያያታል!»

ምላጩ ድሮ በሐኪም ላይ ያባክኑት የነበረውን እልህ ወደ በሽታው አዞሩት። ክኒናቸውን የቀጠሮ ሰሞን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ዋጡ፤ ሻያቸውን እየተማረሩም ቢሆን ያለ ስኳር ጠጡ፤ በእግራቸው መሄድም ጀመሩ። ሐኪሙም እውነተኛውን ውጤት ስላየ መድኃኒቱን በልኩ አስተካከለ። ድሮ በአንዲት ጠዋት ቁጥር እየተታለለ እንዴት ይርዳቸው? የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ነው፤ ይህ ምርመራ ግን መንገዱን ቀድሞ ያሳያል፣ ጥረትም ፍሬ ሲያፈራ ይመሰክራል። ከሦስት ወር በኋላ ስምንት ነጥብ አንድ ወጣላቸው። ሐኪሙ ቢያመሰግናቸው «ምን ተገኘና! ገና አልጨረስኩም!» ብለው ተቆጡ።

በዚያው ሳምንት አንድ ደንበኛ እየተቆረጠ አፌዘባቸው። «መሞታችን ለማይቀር ምን ያስጨንቅዎታል?»

ምላጩ መቀሱን አቆሙ። «ማን ስለ መሞት አወራ? እኔ የማወራው እያየሁ ስለ መኖር ነው! አንተም ውኃ በውኃ ላይ ስትጠጣና ስትሸና ነው የምትውለው። ይሄ የስኳር ምልክት ነው፤ ነገ ክሊኒክ ወስጄ አስመረምርሃለሁ። እምቢ ካልክ እንዲሁ ግማሹን እንደቆረጥኩህ ትሄዳታለህ።»

ሰውየው መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፤ ግራው ተቆርጧል፣ ቀኙ ጎፍሯል።

«በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።