ቅጠል የሌላት ኦርኪድና የጀምበሩ ኮት

ክቡራትና ክቡራን፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ዛሬ ልናገር ነው። ከሁሉ በፊት ግን ስላለበሳችሁኝ ጋቢና ስለዚህ የስንብት ግብዣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ነገሩ በችግኝ ጣቢያችን ዳስ ጥግ ስለተሰቀለችው ኦርኪድ የምትባል አበባ ነው። ባልደረባችን አብዱልቃዲር «የእትዬ ሙሉ ሸረሪት» የሚላት። ግድ የለም ሳቁ፣ እውነትም ሸረሪት ትመስላለች። ቅጠል የላትም። ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀ ሽበት የመሰለ ሥር ብቻ ናት፤ አበባዋ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ውሃ ሲነካት ግን ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ትሆናለች።

ከበደሳ ከተማ ወዲያ ካለው ጫካ ያመጣናት ከባለቤቴ ከጀምበሩ ጋር ነው። መጽሐፍ ላይ አንብቤ «አውርድልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። «ኮቴን ያዢልኝ፣ አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ዛፉ ላይ ወጣ። ከነቅርንጫፉ ወደቀ፤ በዚያው አረፈ። ይህን ታውቃላችሁ። ኮቱ ለምን አጠገቧ እንደተሰቀለ ጠይቃችሁኝ አታውቁም፤ ስለ ዝምታችሁም አመሰግናለሁ።

የማታውቁት ይህን ነው። አምና በበጋ ታምሜ ስተኛ የዳሱ ቁልፍ እኔ ጋ ቀረ። ደርቃ አገኛታለሁ ብዬ ስመለስ አረንጓዴ ናት። አንዱ ሥሯ ቅርንጫፉን ትቶ፣ በአየር ተሻግሮ የኮቱን እጅጌ ጨብጧል። እጅጌው ርሷል። ዝናብ አልነበረም፤ ሌላ ቁልፍም የለም። ማን ገባ?

ቤቴ ለምን አልወስዳትም? ሞክሬ ነበር፤ በሳምንቱ ጫፎቿ ጠቆሩ። የዳሱን ጥላና የጠዋቱን ጭጋግ ትፈልጋለች። ስለዚህ ኃላፊያችን አቶ ኃይለየሱስ፣ ዳሱ ሲታደስ እሷም ኮቱም ካሉበት እንዳይነሱ እለምንዎታለሁ።

አፈር አትወድም። ዛፉንም አትመጥጥም፤ ተደግፋው ብቻ ትኖራለች። ጠዋት ትንሽ ይረጩላታል፣ ከዚያ ነፋስ ያደርቃታል። እህቷን፣ አብራት የመጣችውን ሌላዋን ኦርኪድ፣ አብዱልቃዲር «ተጠማች፣ ታሳዝናለች» እያለ ውሃ ሲያበዛባት በሰበሰች።

ታዲያ ለማን ልተዋት? ብዙዎቻችሁ ትወዷታላችሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። ሀኒፋ ግን በዚያ በኩል ስታልፍ ሻሿን ትሰበስባለች።

«ወላሂ እትዬ፣ ትመለከተኛለች» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔንም» አልኳት።

የሚፈራት ሰው ረጭቶ ይሄዳል፤ አይነካካትም።

ሀኒፋ ልጄ፣ ሳትረጪ እጅጌው ርሶ ብታገኚው ማን እንደገባ አትጠይቂ። ሰላምታ ሰጥተሽ እለፊ። ጀምበሩ ሰው አያስቸግርም።

የምትተክሉት ሁሉ ይጽደቅላችሁ። ዝናቡ በጊዜው ይምጣ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ። ከየቤታችሁ የወጣ ሁሉ በሰላም ይመለስ።

ይህ ያነበብኩት ወረቀትና የዳሱ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ የሀኒፋ ናቸው።