በሁለት ዳስ መሃል የቆሙት መምህር

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ወሎ ውስጥ ደጋን ወደምትባል ከተማ ለሰርግ ተጠርቼ ስሄድ፣ ከኮምቦልቻ ጀምሮ እጄን ይዞ ያደረሰኝ የጥብሱ ሽታ ነው፤ ብትፈልጉ አትመኑኝ። በአገራችን ወግ ሁለት ዳስ ተጥሏል፤ አንዱ ለሙስሊሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ። ከብቱም ለየብቻ ታርዷል። አንድ ጡረተኛ መምህር ግን መሃል ላይ ተገትረዋል። የሙሽራዋ አባት ጋሽ ሰይድ፣ "መምህር፣ ወደየትኛው ይግቡ?" ቢሏቸው፣ "እኔ በፈጣሪ አላምንም" አሉ።

"ወላሂ ቸገረኝ። ይሄኛው ቢስሚላህ ተብሎበታል፣ ያኛው በስመ አብ ተብሎበታል። ለእርስዎ በማን ስም ልረድልዎ? በሉ ሽሮ ይምጣልዎ።"

ሽሮ ሲባል የመምህሩ ፊት ጠቆረ። አሳዘኑኝና፣ "ምን ሆነው ነው የማያምኑት?" አልኳቸው።

"አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ነበሩ። አንዱን ይዤ ሌላውን ላስከፋ? ሁለቱንም ተውኩት።"

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። "እንግዲያማ የሁለቱም ልጅ ነዎት፤ ከሁለቱም ይብሉ" ብለው እጃቸውን ያዟቸው።

መምህሩ ከአንዱ ዳስ ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ያላለው የኔ እምነት፣ ከአንዲቷ ዳሴ ቁጭ ብዬ ሳያቸው፣ ምሳው እስኪያልቅ ድረስ ትንሽ ወለም አለው።