ሽቦውን ማን ገፋው?

የዱቄት ፋብሪካው ዘበኛ በሩን ሲከፍት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን እንድትመረምር የተላከችው መሐንዲስ የገዛ እህቱ ልጅ ሆና አገኛት። ከተያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አገላብጦ ስሞ እስከ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ሸኛትና ከደጃፉ ላይ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ።»

«እዚሁ ይሻለኛል ልጄ። እኔና ኤሌክትሪክ ተቆራርጠናል።»

ይህ ሰው ድሮ ስመ ጥር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ሲሠሩ፣ ሞተር ተቃጥሎ መስመሩ ሾርት አደረገ፤ መሬት ላይ ልቅ የተዘረጋ ወፍራም ኬብልም ዘሎ የጓደኛውን ክንድ ሰበረው። አለቆች «ማን ነካው?» ሲሉ፣ ሽቦ በራሱ ዘለለ ቢል ማን ያምነዋል? «እግሬ ጠልፎት ይሆናል» አለ። ሙያውንም በዚያው እርግፍ አድርጎ ተወው።

መሐንዲሷ ክፍሉ ወለል ላይ ወደተዘረጉት ኬብሎች አየች። «እነዚህ ለምን አልታሰሩም?»

«ሽቦ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

«ይሄዳል ጋሼ። ኤሌክትሪክ ሲሮጥበት ዙሪያው ማግኔት ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ሽቦዎች ኤሌክትሪካቸው ባንድ አቅጣጫ ከሄደ ይሳሳባሉ፤ አንዱ ሂያጅ አንዱ ተመላሽ ከሆነ ይገፋፋሉ።»

«ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ ይሄ መዳብ! ስንት ዘመን ስጎትተው አንድም ቀን ገፍቶኝ አያውቅም።»

«በደኅናው ቀን ግፊቱ ትንሽ ነዋ። ሾርት ሲመጣ ግን ኤሌክትሪኩ አሥር እጥፍ ቢጨምር፣ ግፊቱ መቶ እጥፍ ይሆናል።»

«የመጽሐፍ ወሬ!»

እልኸኛን ቃል አይረታውም። መሐንዲሷ ምሳዋን ከጠቀለለችበት የአሉሚኒየም ፎይል ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቀድዳ ጎን ለጎን አንጠለጠለች። ኤሌክትሪኩ ባንዱ ወርዶ በሌላው እንዲመለስ የታች ጫፎቻቸውን አገናኝታ የላዮቹን ክፍሉ ውስጥ ከነበረ የመኪና ባትሪ ጋር ለቅጽበት አነካካች። ቁራጮቹ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ተራራቁ።

«እስቲ ድገሚው» አለ ዘበኛው። ደገመችው። ሳያውቀው ከክፍሉ መሀል ደርሷል።

«ታዲያ ያን ቀን... እኔ አልነካሁትም?»

«አልነበርኩም፣ አላውቅም ጋሼ። ለመዝለል ግን የሚነካው ሰው አያስፈልገውም ነበር።»

ሽማግሌው ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ያንገበገበው የራሱ ዘመን ብቻ አልነበረም። ሴት ልጁ የኤሌክትሪክ ሙያ ልማር ስትለው «ይሄ ነገር ቁጣ እንጂ ምክንያት የለውም» ብሎ አስቀርቷታል። አሁን ልብስ ቤት ቆማ ትውላለች።

«አለማወቄስ ባልከፋ» አለ፤ «አለመጠየቄ ነው የጎዳኝ። ፈራሁና ፍርሃቴን ለልጄ አወረስኳት።»

በማግስቱ ኬብሎቹ በጠንካራ ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ሲያያዙ፣ መሰላሉን የያዘው እሱ ነበር። ለሠራተኞቹም «የታሰረ ኬብል ክንድ አይሰብርም፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰውም ባላጠፋው ሲቀጣ አይኖርም» እያለ መከራቸው። እውነቱን ነው፤ ትምህርት ከአደጋም ከሐሰት ጸጸትም ያድናል።

አመሻሹ ላይ ሴት ልጁ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገራት።

«ሲገፋፉ በዓይንህ አየህ?» አለችው።

«አየሁ።»

«እኔ ነበርኩ ላሳይህ የሚገባኝ፣ አባዬ።»