ለንፋስ የመሰሉ ሁለት ቀዳዳዎች

ቅዳሜ ጠዋት አስተማሪዋ መሰላል ልትዋስ ወደ ጎረቤቷ ግቢ ስትገባ፣ ጡረተኛው ሹፌር መዶሻና መሮ ይዘው አሮጌ ሚኒባሳቸው ፊት ተንበርክከዋል። የውሃ ፓምፑ ያንጠባጥባል፤ እሱን ለመፍታት ደግሞ ቺንጋውን፣ ማለትም የጎማ ቀበቶውን፣ የሚያዞረው ክብ ብረት፣ ፑሌጃው፣ ከሞተሩ ዘንግ መውጣት አለበት። ፑሌጃው ግን ዝጎ ነክሶ ይዟል። ሰኞ ማለዳ ባለቤታቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና አላቸው። ቀጠሮው ስምንት ወር የተጠበቀ ነው፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያደርሳቸው ከዚህች መኪና በቀር የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ቸኩለዋል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ መዶሻ ይወዳል።

«ደህና አደሩ ጋሼ? በመዶሻ ሊያወጡት ነው?»

«ታዲያ በምን? በምክር?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«በመንቀያ ነዋ። ብሎኑን ሲያጠብቁት እየሳበ የሚያወጣው መሣሪያ።»

«አውቀዋለሁ። ጋራዦቹ እስከ ሰኞ ዘግተዋል፤ ሱቅ ያለውም ለእኔዋ መኪና አይሆንም፤ ዞሬ ፈልጌያለሁ። ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት በመዶሻ ስፈታ ኖሬያለሁ።»

«ካጣነው እንሥራዋ» ብላ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ መሳል ጀመረች። የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ሳትስል አታወራም።

ሽማግሌው ሳቁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

«የዛገ ፑሌጃም እንደዚያው ነው ጋሼ። ሲመቱት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ብዬ ነው። ለመሆኑ በዓመት ስንት ቺንጋ ይበላል?»

«ሦስት። ሻጩ አጭበርባሪ ነው፤ ሰላምታ ከነሳሁት ቆየሁ።»

አስተማሪዋ በጣቷ አሳየቻቸው። የፑሌጃው ጠርዝ ላይ የመሮ ጠባሳ ተደርድሯል፤ አንድ ወገኑም ጎብጧል። ቺንጋውን ሲበላ የኖረው እሱ ነበር። ጠባሳዎቹ ሁሉ የገዛ እጃቸው ሥራ ናቸው። ሻጩን ሰው ፊት የሰደቡት ስድብ ትዝ አላቸውና አፈሩ።

ግን ሰው የለመደውን ሥራ ሲነቅፉበት እሱን ራሱን የነቀፉት ይመስለዋል።

«ይሁን» አሉ። «መንቀያሽ በምን ሊይዘው ነው? መጨበጫ የለው።»

«እነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ለምንድን ናቸው?»

«ለንፋስ።»

ከቀዳዳዎቹ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገችና ከጣሳቸው ብሎን መርጣ ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው ጠበበ። ሁለተኛው በጣት ብቻ ዞሮ ገባ። ቀዳዳው ውስጡ የብሎን ጥርስ አለው።

«ፑሌጃውን የሠራው ሰው በዚህ ሳቡት ብሎ ነው የበሳው ጋሼ።»

ሽማግሌው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እኔ ደግሞ ሳልጠይቀው ስቀጠቅጥ ኖርኩ።»

ከአሮጌ የብረት በር የተረፈ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ነበራቸው። እሷ ለካች፤ እሳቸው ሞርሳ ላይ አስረው ሦስት ቦታ በትራፓኖ በሱት። ሁለቱ የዳር ብሎኖች ከፑሌጃው ጋር ያያይዙታል፤ የመሃሉ ረጅም ብሎን ከውስጥ በኩል በዳዶ ተይዞ ዘንጉን ይገፋል። ልታጠብቀው ስትል ግን እጇን ያዟት።

«ቆይ። እንዲህ ከገፋነው ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ቀዳዳ ጥርስ ያበላሸዋል። መጀመሪያ አጭር ብሎን እናስገባበት፤ ግፊቱን እሱ ይቀበል።»

«ይሄን መጽሐፉ አልነገረኝም» አለች ከልቧ።

ሩብ ዙር አጠበቁ፤ ደግሞ ሩብ ዙር። ፑሌጃው ሲጥ አለና ለቀቀ።

ባለቤታቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ በሩ ብቅ አሉ። «ምነው ዝም አልክ? ተውከው እንዴ?»

«አልተውኩትም። ወጣ።»

«ሳትደበድበው?»

«ሳልደበድበው።»

ከሰዓት በኋላ ቺንጋ ሻጩ ዘንድ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ እሱም አዲስ ፓምፕና ያልተጣመመ ፑሌጃ ፈልጎ ሰጣቸው። እሁድ ሞተሩ ተነሣ። ሰኞ ከቀጠሮው ቀድመው ደረሱ።

ዛሬ መንቀያውን የሰፈሩ ባለ መኪና ሁሉ ይዋሰዋል። ሽማግሌውም ሲሰጡ ይመክራሉ፦ «ከመምታትህ በፊት ዕቃው እንዴት እንደተሠራ እየው። ያጣኸውን መሣሪያ ከወዳደቀ ብረት በልኩ ሥራው። ጉልበትህን ታተርፋለህ፤ ዕቃህም ይቆይልሃል፤ በራስህ ጥፋት ሰው አትቀየምም።» ይህን የሚሉት መዶሻ አምላኪ የነበሩት ሰው ናቸውና ሰሚው ያምናቸዋል።

ስለ መንቀያው ከሁሉ የጣማቸው ቃል ግን የሌላ ሰው ነው። የዓይናቸው ፋሻ በተፈታ ቀን ባለቤታቸው ግቢ ገብተው መንቀያውን አነሱና አገላብጠው ተመለከቱት።

«ያደረሰን ይሄ ነው? እንዴት አስቀያሚ ነው!»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «አስቀያሚነቱን ካየሽልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አሉ።